ዝግጁ ፋይል ወይስ በልክ የተሠራ ቱኒንግ? ለሞተራችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። የሚኖረው ቨርጂኒያ ነው። ያገለገለ የ2017 ጎልፍ ጂቲአይ ገዝቷል። «ስቴጅ 1 ላስጭን ወይስ ዳይኖ ላይ ወስጄ በደንብ ላሠራው?» አለኝ። ስቴጅ 1 ዕቃ ሳይቀየር የሚጫን፣ ጉልበት የሚጨምር ዝግጁ ሶፍትዌር ነው፤ ዳይኖ ደግሞ የመኪናን ጉልበት የሚለካ ማሽን ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት አምስት ነገር ጠየቅሁት። ካንዴላው መቼ ተቀየረ? ከአንተ በፊት የነበረው ባለቤት የቀየረው ዕቃ አለ? የምትቀዳው ቤንዚን ስንት ኦክቴን ነው? ዋስትናው አላለቀም? ለመሆኑ ጉልበቱን የምትፈልገው ለምንድነው? ከአምስቱ ሦስቱን መመለስ አልቻለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፍለት ብዬ ነው፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል።

1. መጀመሪያ ምን እንደምትገዙ ለዩ

ሰው የሚቀላቅላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የፋብሪካው የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ለሰርቪስ ስትሄዱ አከፋፋዩ የሚጭነው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ያርማል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ሁለተኛው ዝግጁ ፋይል ነው። ኤፒአር፣ ዩኒትሮኒክ፣ ኮብ እና ሌሎችም እንዲህ ያለ ፋይል ይሸጣሉ። አንድ ሞዴል መኪና ይዘው ለረጅም ጊዜ ይሞክሩና ለዚያ ሞዴል ሁሉ የሚሆን አንድ ፋይል ያወጣሉ። ሦስተኛው በልክ የሚሠራው ነው። አንድ ባለሙያ የእናንተኑ መኪና መረጃ እያየ፣ በዚያው መኪና ላይ ብቻ የሚጫን ፋይል ይጽፋል።

በሦስቱም የሚነካው ኢሲዩ የሚባለው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያሉት ሰንጠረዦች ናቸው። ስንት ነዳጅ ይረጭ? ካንዴላው በየትኛው ቅጽበት ይተኩስ? ተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ስንት ይንፋ? ካምቢዮው ስንት ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይቻል? ፋብሪካው እነዚህን ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አይገፋቸውም። ያው መኪና አላስካ ብርድ ላይም አሪዞና ሙቀት ላይም መነሳት አለበት፤ ርካሽ ቤንዚን የሚቀዳበትና ዘይት መቀየር የሚረሳ ሰውም ይነዳዋል። ስለዚህ ትርፍ ይተዋል። ቱኒንግ ማለት ከዚያ ትርፍ ላይ መቀነስ ማለት ነው።

ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዝግጁው ፋይል የእናንተ መኪና ስንት ትርፍ እንዳለው ይገምታል። በልክ የሚሠራው ግን ለክቶ ያውቃል።

ሴንሰሩ ላይ ተሰክቶ ለኢሲዩ የተሳሳተ ቁጥር የሚነግር ትንሽ ሳጥንም ይሸጣል። በናፍጣ መኪና ላይ ርካሾቹ የሚሠሩት የነዳጁን ግፊት ዝቅ አድርገው በማሳየት ነው። ኢሲዩው አነሰ ብሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ ፓምፑና ኖዝሉ ናቸው ዋጋውን የሚከፍሉት። እኔ አልመክረውም።

ተርቦ ለሌለው መኪና ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። ዝግጁም ሆነ በልክ፣ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጨምር ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከሆነ ገንዘባችሁን ለጎማና ለፍሬን አውሉት። ተርቦ ያለው ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ያ የወዳጄ ጎልፍ ከፋብሪካ ሲወጣ 220 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ በጥሩ ቤንዚን ስቴጅ 1 ሲጫንበት ወደ 300 ይጠጋል። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ላለው መኪና ነው።

2. መኪናው ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሶፍትዌር የታመመ ሞተር አያድንም፤ ሕመሙን ያፋጥነዋል። በፋብሪካው ቁጥር ተደብቆ የኖረ ትንሽ የአየር ማፍሰስ፣ የተርቦው ግፊት ሲጨመር ትልቅ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስካነር ሰክታችሁ የተቀመጡ ኮዶችን አንብቡ፤ መብራት ባይበራም አንብቡ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ያረጁ ከሆነ ቀይሩ፤ ክፍተታቸው ለአዲሱ ግፊት ስንት መሆን እንዳለበት ፋይሉን የሚሠራውን ሰው ጠይቁ፤ ምክንያቱም ግፊት ሲጨምር ሰፊ ክፍተት ላይ እሳቱ እየጠፋ መኪናው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቦቢናዎቹንም አትርሱ። የአየር ፊልትሮ፣ የዘይት መጠን፣ የራዲያተር ውሃ ተመልከቱ። መኪናው ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከሄደ የሲሊንደሮቹን ግፊት (ኮምፕረሽን) አስለኩ። ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ከተራራቁ ቱኒንጉን ተዉት፤ ያ ገንዘብ ለፋሻና ለቴስታታ ያስፈልጋችኋል።

ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች አየር የሚገባበት ቫልቭ ላይ ጥቀርሻ ይከማችባቸዋል። ቫልቩን የሚያጥበው ቤንዚን ስለሌለ ነው። ብዙ የሄደ ጎልፍ ላይ ይህን ብቻ ማስጠረጉ ጠፍቶ የነበረ ጉልበት ሲመልስ አይቻለሁ።

ፍሪሲዮኑም አለ። ማንዋል ጎልፍ ላይ ስቴጅ 1 ተጭኖ ሳይቆይ ፍሪሲዮን መንሸራተቱ የተለመደ ነው። የፍሪሲዮን ዋጋ የፋይሉን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከፋይሉ ጋር ደምራችሁ አስሉት።

3. መኪናው ላይ የተቀየረውን ሁሉ ጻፉ

ወረቀት አውጡ። ከፋብሪካው የተለየ ዕቃ ካለ አንድ በአንድ ጻፉት። የአየር ማስገቢያ፣ ከተርቦው ወደ ማርሚታ የሚወርደው ቧንቧ፣ ኢንተርኩለር (ተርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ኢንጀክተር፣ ተርቦ። ያገለገለ መኪና ከሆነ ኮፈኑን ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ የቀድሞው ባለቤት ያልነገራችሁ ነገር ሊኖር ይችላል።

ይህ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን ራሱ ይወስናል። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስን እንውሰድ። ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው ማስገቢያው ቱቦ ላይ ባለ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚለካው በሙሉ ቱቦው የሚያልፈውን አየር አይደለም፤ አጠገቡ የሚያልፈውን ነው። ቀሪውን ኢሲዩው ከቱቦው ስፋት ተነስቶ ያሰላዋል። እናንተ ሰፊ ቱቦ ስትገጥሙ ያው አየር ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ሴንሰሩ አነስተኛ ቁጥር ይሰጣል። ኢሲዩው አየሩ ትንሽ ነው ብሎ ነዳጅ ይቀንሳል። በእውነቱ ግን አየሩ ብዙ ነው። ነዳጅ ያጠረው ተርቦ ሞተር ይሞቃል፣ ያንኳኳል (ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል)፣ በመጨረሻ ፒስቶን ይሰነጥቃል። አሮጌው የሱባሩ 2.5 ሊትር ተርቦ ሞተር የፋሻ መቀመጫው በዚህ ዓይነት ማንኳኳት እየተሰበረ ስሙ የጠፋ ነው። የመኪናው ባለቤት ያደረገው አንድ የሚያምር ቱቦ መግጠም ብቻ ነበር።

እንግዲህ፣ ዝርዝራችሁ ባዶ ከሆነ ዝግጁው ፋይል ለእናንተ ነው የተሠራው። አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ካለና የፋይሉ ድርጅት ያንኑ ዕቃ፣ ያንኑ ብራንድ ጠቅሶ የሚደግፍ ከሆነ አሁንም ዝግጁው ይሆናል። ዕቃው ከተለያየ ድርጅት የተሰበሰበ ከሆነ ግን በልክ የሚሠራውን ምረጡ። መሃል የለውም።

ደግሞ «ስቴጅ 2» የሚለው ቃል አያታላችሁ። ስቴጅ የሚባለው ነገር ሁሉም የተስማማበት መለኪያ የለውም። የአንዱ ድርጅት ስቴጅ 2 የሚጠይቀው ዕቃ ከሌላው ጋር ላይገጥም ይችላል። ቁጥሩን ትታችሁ ፋይሉ የሚፈልገውን የዕቃ ዝርዝር አንብቡ።

4. ነዳጃችሁንና የምትኖሩበትን ከፍታ አስቡ

እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ይህ ነው። ወገኖቻችን በሄዱበት አገር ሁሉ መኪና ይዘው ይኖራሉ፤ ቤንዚኑ፣ ሙቀቱና ከፍታው ግን አንድ አይደለም።

ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እንዳይፈነዳ ያለው ጽናት ነው። ፋይሎቹ የሚሸጡት በኦክቴን ተለይተው ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ማደያ ላይ 93 ታገኛላችሁ። ካሊፎርኒያ ላይ ከፍተኛው በአብዛኛው 91 ነው። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ደግሞ መደበኛው 85፣ ፕሪሚየሙ 91 መሆኑን ታውቃላችሁ። የ93 ፋይል ጭኖ 91 መቅዳት ሞተሩን በየቀኑ ማስለቀስ ነው። ኢሲዩው ማንኳኳቱን ሰምቶ እሳቱን ያዘገየዋል፤ የከፈላችሁበት ጉልበት ይጠፋል፣ ሙቀቱ ግን ይቀራል።

ዱባይ ያላችሁ ልብ በሉ። እዚያ ማደያ ላይ የሚታየው 95 እና 98 በሌላ መለኪያ የተለካ ነው። 98ቱ ከአሜሪካው 93 ጋር ይቀራረባል፤ 95ቱ ደግሞ ከ91 ጋር። የአሜሪካ የ93 ፋይል ገዝታችሁ «እኔ ጋ 95 ስላለ ይበልጣል» ብላችሁ እንዳትጭኑ። ሙቀቱም አለ። አየሩ 45 ዲግሪ ሲሆን ኢንተርኩለሩ ቶሎ በሙቀት ይሞላል፤ ቀዝቃዛ አገር የተሞከረ ፋይል እዚያ ላይ ይጨናነቃል።

ከፍታው ደግሞ ይኸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። «ለአዲስ አበባ ከፍታ የሚሆን ሶፍትዌር ልጫንልህ» የሚላችሁ ሰው ካለ አትክፈሉ። የጎደለው አየር ነው፤ አየር በሶፍትዌር አይመጣም። ነዳጁን ለከፍታው ማስተካከሉንማ ኢሲዩው ራሱ ይሠራዋል።

ተርቦ ያለው መኪና ላይ ግን ነገሩ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ባሕር ጠረፍ ላይ የተጻፈ ፋይል ተርቦው እስከ 2.2 ባር ፍጹም ግፊት (የውጪው አየር ግፊትም ተቆጥሮ) እንዲያደርስ አዘዘ እንበል። ጠረፍ ላይ 1 ባር የሆነውን አየር 2.2 እጥፍ መጭመቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚጀምረው ከ0.77 ባር ገደማ ስለሆነ 2.9 እጥፍ ሊጠጋ ነው። ተርቦው ያንን ለማድረስ ከታቀደለት በላይ ይሽከረከራል፣ የሚወጣው አየርም በጣም ይሞቃል። ጥሩ ድርጅቶች ለከፍታ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ግን ማስቀመጣቸውን ሳትጠይቁ አትመኑ። ከ1,500 ሜትር በላይ የምትኖሩ ከሆነ እኔ የምመክረው በልክ የሚሠራውን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ማደያ ገብታችሁ የቤንዚን ደረጃ አትመርጡም። ስለዚህ ፋይል የሚጻፈው ለሚገኘው ቤንዚን ነው፤ ለምትመኙት አይደለም። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለው ሞተር እንደ ድሮው በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ይህንንም አስቡበት። ፓምፑ ሜካኒካል የሆነ የድሮ ናፍጣ መኪና ካላችሁ ደግሞ የሚጫንበት ኮምፒውተርም የለውም።

5. ዋስትናንና ሕግን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ዋስትናው ያላለቀ መኪና ከሆነ እስኪያልቅ መጠበቅ መጥፎ ሐሳብ አይደለም። የቮልስዋገን አከፋፋዮች ሶፍትዌሩ የተነካ መኪና ሲያገኙ ቲዲ1 የሚባል ምልክት በመዝገቡ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሞተርና የካምቢዮ ጥገናን በዋስትና ማሠራት ይከብዳል። «ሲያስፈልግ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ» የሚለው ብዙ አያዋጣም፤ ብዙ ኢሲዩዎች ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸው ይቆጥራሉ።

አሜሪካ ውስጥ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃን ማውጣት ወይም በሶፍትዌር ማጥፋት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በጭስ ምርመራ ላይ የሶፍትዌሩንም ማንነት ታያለች፤ የፋብሪካው ካልሆነና የግዛቲቱ ፈቃድ ቁጥር ከሌለው መኪናው ይወድቃል። ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ምርመራ አለባችሁ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ጉልበት ከጨመራችሁ መኪናውን አስመርምራችሁ በሰነዱ ላይ ማስመዝገብና ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

በዚህ ላይ ዝግጁው ፋይል አንድ ጥቅም አለው። ትልልቅ ድርጅቶች ለአንዳንድ ፋይሎቻቸው ፈቃድ አውጥተዋል። ለአንድ መኪና ብቻ የተጻፈ ፋይል ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አይኖረውም። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ከሆነ ምርጫችሁ እዚህ ላይ ያልቃል።

6. አሁን ወስኑ

መኪናው ጤነኛ፣ ዕቃው የፋብሪካ፣ ቤንዚኑ ፋይሉ የሚለው፣ ከተማው ዝቅ ያለ ከሆነ ዝግጁውን ግዙ። በአሜሪካ ከ500 እስከ 800 ዶላር አካባቢ ነው። በሺህ መኪና ላይ የተፈተነ ነገር ታገኛላችሁ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በልክ ቢሠራ የምትጨምሩት ጉልበት ጥቂት ነው።

የተቀላቀለ ዕቃ ካለ፣ ተርቦው ከተቀየረ፣ ከፍታ ወይም ከባድ ሙቀት ካለ፣ ወይም ኢታኖል የበዛበት ቤንዚን የምትቀላቅሉ ከሆነ በልክ አሠሩ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ መሣሪያውን፣ የዳይኖውን ሰዓትና የባለሙያውን ዋጋ ስትደምሩ ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ወዳጄ ካንዴላውን ቀይሮ ሲያበቃ የተቀየረ ዕቃ አለመኖሩንና ማደያው 93 መሆኑን አረጋገጠ። ዝግጁውን ነው ያስጫነው።

7. በልክ የምታሠሩ ከሆነ ሰውየውን ፈትኑት

ጥሩ ባለሙያ ከመመለሱ በፊት ይጠይቃል። ስለ ዕቃው፣ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ ከተማው፣ ስለ ካንዴላው ሳይጠይቅ «350 አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ጋ አትሂዱ። ዝግጁ ፋይል ገዝቶ በልክ ሠራሁ ብሎ የሚሸጥ አለ። ምልክቱ ቀላል ነው። ከመኪናችሁ የተቀዳ መረጃ፣ ሎግ የሚባለውን፣ ካልጠየቃችሁ በልክ አልሠራም።

እናንተም ጠይቁት። ይህን ሞተር ስንት ጊዜ ሠርተሃል? ዋጋው ስንት ጊዜ ማስተካከልን ያካትታል? ወደፊት ዕቃ ብቀይር ስንት ታስከፍለኛለህ? አከፋፋዩ በማሻሻያ ቢደመስሰው መልሰህ ትጭንልኛለህ? ሌላ ሰው እንዳይነካው ፋይሉን ትቆልፈዋለህ? የቼክ ኢንጂን መብራት እንዳይበራ ኮድ አጠፋለሁ ካለ ተነሥታችሁ ሂዱ። ያ መብራት ያላችሁ ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

8. ሥራው ሲሠራ

በርቀት የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ በፋብሪካው ፋይል ሎግ ትልካላችሁ፤ እሱ አንድ ፋይል ይልካል፤ ጭናችሁ እንደገና ሎግ ትልካላችሁ። አምስት ስድስት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። ሙሉ ጉልበት የሚጠይቀውን ሙከራ ሰው ባለበት መንገድ ላይ አታድርጉት። ዳይኖ ወይም የተዘጋ ሜዳ ፈልጉ።

ሎጉ ውስጥ እናንተም ማየት ያለባችሁ አራት ነገር ነው። ኢሲዩው የጠየቀው ግፊትና ተርቦው የሰጠው ይጣጣማሉ? የአየሩና የነዳጁ ምጣኔ ሙሉ ጉልበት ላይ በአብዛኛው ከ11.5 እስከ 12.5 ለ1 ባለው መካከል ነው? የአየሩ ሙቀት ስንት ደረሰ? ማንኳኳት ተሰምቶ እሳቱ ዘግይቷል? አንድ ጊዜ ትንሽ ቢታይ አትደንግጡ። በዚያው የሞተር ዙር ላይ ተደጋግሞ ከታየ ግን እግራችሁን አንሡና ለሠሪው ላኩለት።

የዳይኖ ወረቀትንም በጥንቃቄ አንብቡ። ቁጥሩ ጎማ ላይ የተለካ ስለሆነ ፋብሪካው ከሚለው 15 በመቶ ገደማ ቢያንስ የተለመደ ነው። ዴንቨርን በመሰለ ከፍ ያለ ከተማ ደግሞ ማሽኑ ለከፍታው ብሎ ቁጥር ይጨምራል። ያ ስሌት ተርቦ ለሌለው ሞተር ነው የሚሆነው። ተርቦ ያለው ላይ የሌለ ጉልበት ያሳያችኋል፤ ስሌቱ ያልገባበትንም ቁጥር ጠይቁ። አስፈላጊው ነገር ያው ማሽን ላይ፣ በዚያው ቀን፣ በፊትና በኋላ የተለካው ልዩነት ነው።

9. ከዚያ በኋላ

ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ጎልፍ ላይ ፋብሪካው 10,000 ማይል ይላል፤ እኔ 5,000 ላይ ነው የምቀይረው። ካንዴላውንም ከፋብሪካው ቀን በፊት አስቀድሙ። ክረምትና በጋ ሲለዋወጥ አንድ ጊዜ ሎግ ውሰዱ። ማደያ ከቀየራችሁም እንዲሁ።

የፋብሪካውን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጡ። መኪናውን ስትሸጡ ወደ ድሮው መልሱትና ቱን ተደርጎ እንደነበር ለገዢው ንገሩት፤ የካንዴላው ክፍተት ስንት እንደሆነና ምን ቤንዚን ይቀዳ እንደነበርም ጽፋችሁ ስጡት።